የያማናካ የእንጨት ሳሕን፤ የማለስለስ ሙያና የትምህርቱ ታሪክ

በእጅ ሙያ ትምህርት ውስጥ ማለስለስና መወልወል በመጨረሻ የሚመጣ፣ ጊዜ ሲተርፍ ብቻ የሚከናወን ተግባር ተደርጎ ሲቆጠር ይታያል። በጃፓን አገር በኢሺካዋ ክፍለ ሀገር የሚገኘው የያማናካ ሠፈር የሙያ ታሪክ ግን ከዚህ አስተሳሰብ ጋር አይስማማም።

እንጨትን እያሽከረከሩ መቅረጽ በጃፓን ጥንታዊ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ764 እስከ 770 ባሉት ዓመታት በንግሥት ሾቶኩ ትእዛዝ የተሠሩትና የታተመ ጸሎት የያዙት አንድ ሚሊዮን ትናንሽ የእንጨት ማማዎች በቶርኖ የተቀረጹ ነበሩ። ሙያው ወደ ያማናካ የገባው በ16ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ነው፤ ይኸውም ከኤቺዜን የፈለሱ ቀራጮች ከወንዙ በላይ በኩል በሠፈሩ ጊዜ ነው።

ቀራጮቹ ከሚመርጧቸው እንጨቶች አንዱ ኬያኪ ይባላል። ጠንካራ ሲሆን ቀዳዳዎቹ በዓይን የሚታዩ ናቸው። ሳሕኑ የሚለሰልሰው ከኡሩሺ ዛፍ በሚቀዳ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ በስሱ ይቀባና ሳይደርቅ በጨርቅ ይወለወላል፤ ከዚያም ሞቅ ባለና እርጥበት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ኡሩሺ የሚጠነክረው እንደ ተራ ቀለም በድርቀት ሳይሆን በእርጥበት ነው። ለዚህም ምክንያት የሆነውን፣ በኋላ ላኬዝ የተባለውን ኤንዛይም ዮሺዳ የተባሉ ጃፓናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1883 ገልጸውታል። ሥራው በተደጋገመ ቁጥር ቀዳዳዎቹ ቀስ በቀስ ይሞላሉ፤ እንጨቱ ይጠቁራል፤ መስመሮቹም ጎልተው ይወጣሉ። ፈሳሹ በደንብ ካልተወለወለ ግን የተጠራቀመበት ስፍራ ሲጠነክር ይጨማደዳል።

ዋናው ቁም ነገር ቅቡ ብርሃን አሳላፊ መሆኑ ነው፤ ጉድለትን አይሸፍንም። የደነዘ ብረት የበጣጠሰው ቃጫ ፈሳሹን አብዝቶ ስለሚጠጣ ከሌላው ገጽ ይበልጥ ጠቁሮ ይታያል። ስለዚህ ማለስለስ የሚጀመረው ጨርቁ በተነሣ ጊዜ ሳይሆን መቅረጫው ብረት በተሳለ ጊዜ ነው። የያማናካ ቀራጮች ብረታቸውን ራሳቸው ቀጥቅጠው የሚያበጁትም ያለ ምክንያት አይደለም።

ከ1950ዎቹ ማብቂያ ወዲህ የሠፈሩ ነጋዴዎች በቅርጽ ማውጫ የሚሠራ የፕላስቲክ ሳሕን ማምረት ጀመሩ። ገጹ በቀለም ስለሚሸፈን የቀራጩ እጅ አላስፈለገም። ንግዱ ሲሰፋ ሙያው ተጎዳ። እ.ኤ.አ. በ1974 የባሕላዊ ዕደ ጥበብ ሕግ ወጣ፤ በ1975 የያማናካ ዕቃ በዚሁ ሕግ ታወቀ፤ በ1994 ደግሞ ቀራጩ ሪዮዞ ካዋጊታ የሙያው ሕያው ቅርስ ተብለው ተሠየሙ። ይሁን እንጂ ሕግ ዕቃውን፣ ማዕረግም ሰውየውን ያስከብራል እንጂ ሙያውን ለተተኪ አያስተላልፍም። ይህ የተሟላው በ1997 ክፍለ ሀገሩ የቶርኖ ቅርጽ ማሠልጠኛ ባቋቋመ ጊዜ ነው። በዚያም ወጣቶች ብረት ማበጀትን፣ መቅረጽንና ኡሩሺ መቀባትን በአንድነት ይማራሉ።

ከዚህ ታሪክ መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ሊያጤኑት የሚገባ ነገር አለ። የእንጨት ሥራ ትምህርት ሲታቀድ ለመሳያ ድንጋይና ለመወልወያ የሚመደበው ጊዜ ከቀረጻው ተነጥሎ የሚቀነስ ትርፍ ጊዜ አይደለም። የተማሪው ሳሕን ሲወለወል የሚታየው፣ ቀደም ሲል በብረቱ የሠራው ሥራ ነውና።