ባና፣ ጥልፍና ያልተቆጠረው የሴቶች ሰዓት

የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ሰው ባናን ያውቃል። በሰሜን ሸዋ ደጋ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ይህ ወፍራም ልብስ ቀን ይለበሳል፣ ሌሊት መኝታ ላይ ይደረባል። ባናን የሚሸምነው ወንድ ነው። ከሽመናው በፊት ግን ጠጉሩን ማጽዳት፣ ማፍታታትና መፍተል አለ፤ ፈትሉ የሴቶች ሥራ ነው። በእጅ መፍተል ከሽመናው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ልብሱ ገበያ ሲወጣ ግን የሚመሰገነው ሸማኔው ነው፤ የፈታይዋ ድካም በዋጋው ውስጥ አይነሳም።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ላይ የሱፍ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቋቋመ። በፋብሪካ ውስጥ መፍተል ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው። በቤት ውስጥ የሚፈተለው ግን እንደ ድሮው ያለ ሒሳብ ቀረ።

አሜሪካም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የገጠር ሴቶች ካረጀ የሱፍ ኮትና ሱሪ የተረፈውን ቁራጭ እየገጣጠሙ የአልጋ ልብስ ይሰፉ ነበር። መጋጠሚያውን በደማቅ ክር፣ በላባና በዓሣ አጥንት ቅርጽ ይጠልፉታል። አንዳንዶቹ የስማቸውን መነሻ ፊደልና ዓመቱንም ጠልፈውበታል፤ በዚህም ምክንያት ማን መቼ እንደሠራው ዛሬም ይታወቃል። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ማኅበራት ደግሞ ጥቂት ሳንቲም የከፈለውን ሰው ስም በልብሱ ላይ እየጠለፉ ለበጎ ሥራ ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር።

ውድ እህቶች፣ በሒሳብ ሠራተኛነቴ ይህን ታሪክ የማነሳው ለእኛም ስለሚሆን ነው። አንድ የተጠለፈ የአልጋ ልብስ ጨርቁና ክሩ 600 ብር ፈጅቶ በ1,000 ብር ቢሸጥ 400 ብር አተረፍን እንላለን። ጥልፉ 40 ሰዓት ከወሰደ ግን የጠላፊዋ ዋጋ በሰዓት 10 ብር ብቻ ነው። ይህ ትርፍ አይደለም፤ ያልተከፈለ ጉልበት ነው።

ስለዚህ በወልቂጤም በቡታጅራም በምንይዘው መዝገብ ላይ ሁለት ዓምድ እንጨምር፦ የሠሪዋ ስምና የፈጀባት ሰዓት። ዋጋ የምንተምነው ከዚያ በኋላ ይሁን። ደጋፊዎቻችንም ዕቃችንን ሲገዙ የሚከፍሉት ለጨርቅ ብቻ ሳይሆን ለእጅ ሙያ መሆኑን በግልጽ ያያሉ።