የባቄላ ንፍሮ በየካና በእንጦጦ

ንፍሮ ደረቅ እህል ሳይከካና ሳይፈጭ በውሃ እስኪለሰልስ ተቀቅሎ የሚበላ ምግብ ነው። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተር፣ ስንዴና በቆሎ ለየብቻ ወይም ተቀላቅለው ይቀቀላሉ። በአዲስ አበባ ንፍሮ ከጾም ማዕድና ከለቅሶ ቤት አይለይም፤ ከቀብር መልስ ለተቀመጠው ሰው ይታደላል። የጸሎተ ሐሙሱ ጉልባን የቅርብ ዘመዱ ነው፦ ክክ ባቄላ ከስንዴ ጋር ጨው በዛ ተደርጎበት የሚቀቀል ሲሆን፣ የሚያስጠማው ጨው የክርስቶስን ጥም ያስታውሳል ይባላል።

የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ንፍሮ ጊዜ የሚፈጀው በባቄላው ጥንካሬ ብቻ አይደለም። አካባቢው በሚገኝበት ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሚደርሰው የእንጦጦ ተራራ ጫፍ ደግሞ በ90 ገደማ። እሳቱ የቱንም ያህል ቢጨመር፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለው ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅም። እሳት ማብዛት ውሃውን ያተናል እንጂ ባቄላውን አያፈጥነውም።

ይህ በቀጥታ የማገዶ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የአካባቢው ደን ሲመናመን፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ እንጦጦን ሸፈነ። ጭራሮና ቅጠል ጀርባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው ዳገቱን የሚወርዱ ሴቶች የከተማዋን ምድጃ ለረጅም ዘመን አንድደዋል። በከንቱ የሚነድ እያንዳንዱ እንጨት የእነርሱ ድካም ነው።

ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ መዘፍዘፍ ነው። ባቄላው ተለቅሞና ታጥቦ በብዙ ውሃ ሌሊቱን ሲያድር፣ ክብደቱ እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ የሚበስልበትም ጊዜ በእጅጉ ያጥራል። በመዘፍዘፊያው ውሃ ላይ ትንሽ ጨው መጨመር ቅርፊቱን ያለሰልሳል፤ የጨው ሶዲየም ቅርፊቱን ያጠነከሩትን ካልሲየምና ማግኒዚየም ይተካልና። ሎሚና ቲማቲም ግን መብሰልን ያዘገያሉ፤ ባቄላው ከለሰለሰ በኋላ ብቻ ይግቡ። በሙቀትና በእርጥበት የከረመ ባቄላ ሲዘፈዘፍም ድርቅ ብሎ ይቀራልና፣ ሾላ ገበያ ሲገዙ የአዲሱን ዓመት ምርት መጠየቅ ይበጃል።

ውሃው ከፈላ በኋላ እሳቱ ይቀነሳል፣ ድስቱ ይከደናል። ውሃ ካነሰ የፈላ ውሃ ይጨመራል። በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ ባቄላ በስሏል።

ቀይ አደንጓሬ ግን ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። በጥሬውና በከፊል ሲበስል ከባድ ማስመለስ የሚያመጣ መርዝ አለው፤ ሳይፈላ በለብታ ሙቀት ብቻ ረጅም ሰዓት መቆየቱም አደጋውን አያስወግድም። ቢያንስ አምስት ሰዓት ዘፍዝፈው ውሃውን ይድፉ፣ በአዲስ ውሃ ከግማሽ ሰዓት በላይ በሚንተከተክ ፍላት ያፍሉት፤ እሳቱን የሚቀንሱት ከዚያ በኋላ ብቻ ነው።