የሚፈርሱ ሕንፃዎች፣ የሚቀረጹ ድምፆች፦ የላስ ቬጋስ የማኅበረሰብ ታሪክና ቤተ መዛግብቱ

ላስ ቬጋስ በኔቫዳ በረሃ መሀል የምትገኝ ከተማ ናት፤ የተቆረቆረችው በ1905 የባቡር ኩባንያ መሬት በጨረታ ሲሸጥ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዕድሜዋ ገና አንድ ክፍለ ዘመን ከማለፉ ስም ያወጡላት ሕንፃዎች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ዱንስ የተባለው ሆቴል በ1993፣ ላንድማርክ በ1995፣ ሳንድስ በ1996፣ ስታርደስት በ2007 በፈንጂ ፈርሰዋል፤ ሲፈርሱም ሕዝቡ ትርኢት እንደሚመለከት ተሰብስቦ አይቷቸዋል። ታሪኳን ከግንብ ማንበብ የማይችል ተመራማሪ ፊቱን ወደ መዝገብ ማዞሩ አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ እንዲህ ባለች ከተማ የቃል ታሪክ የመዝገቡ ክፍተት መሙያ ብቻ አይደለም የሚል ነው። መዝገቡን ማን፣ ለምን ዓላማ እንዳዘጋጀው የምናውቅበት ዋና ማስረጃ ነውና ከጽሑፍ ሰነድ እኩል ሊጠበቅና ከሰነዱ ጋር እየተመሳከረ ሊነበብ ይገባል።

ለምሳሌ የፎቶግራፍ ክምችቱን እንውሰድ። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የከተማዋን ምስል ለዓለም ሲያሰራጭ የኖረው የላስ ቬጋስ ኒውስ ቢሮ ሥራው ጎብኚ መሳብ ነበር። በ1950ዎቹ በሳንድስ ሆቴል መዋኛ ገንዳ ውስጥ የዋና ልብስ የለበሱ እንግዶች ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ጠረጴዛ ከበው ቁማር ሲጫወቱ የተነሳው ፎቶግራፍ እስካሁን ይታወቃል። በዚያው ዘመን ግን ጥቁር አሜሪካውያን በከተማዋ ታላላቅ ሆቴሎች በእንግድነት ማደር አይፈቀድላቸውም ነበር፤ መድረኩ ላይ ዘፍነው አዳራሹን የሚያስጨበጭቡት ሳይቀሩ ለማደር ዌስትሳይድ ወደሚባለው ሰፈር መሄድ ነበረባቸው። ይህን ፎቶግራፉ አይናገርም። አንሶላ የሚቀይሩትና ሳህን የሚያጥቡት ሠራተኞች ከየት መጡ ለሚለው ጥያቄም መልስ የለውም። መልሱ በብዛት የተገኘው ከራሳቸው አንደበት ነው። በላስ ቬጋስ የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ በ2003 የተቋቋመውና ክሌይቲ ኋይት በመሥራች ዳይሬክተርነት የመሩት የቃል ታሪክ ምርምር ማዕከል ከሰበሰባቸው ቃለ መጠይቆች እንደምንረዳው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንድ የማግኒዥየም ፋብሪካ ሥራ ሲከፍት ከአርካንሳሷ ፎርዳይስና ከሉዊዚያናዋ ታሉላ የወጡ ሰዎች ወንድም ወንድሙን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እየጠራ ወደ በረሃው ገብተዋል። የፋብሪካ የደሞዝ መዝገብ ስምና ሰዓት ይይዛል፤ ማን ማንን እንደጠራ ግን አይጽፍም።

ጉዳዩ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በሙላን ሩዥ ስምምነት ላይ ነው። ሙላን ሩዥ በግንቦት 1955 ነጭና ጥቁር እንግዶችን በእኩልነት ለማስተናገድ የተከፈተ ሆቴልና ካዚኖ ሲሆን ዓመት ሳይሞላው ተዘግቷል። በመጋቢት 1960 የጥቁሮች መብት ማኅበር የአካባቢው ሊቀ መንበር የነበሩት የጥርስ ሐኪሙ ጄምስ ማክሚላን፣ ሆቴሎቹ በራቸውን ካልከፈቱ ሰልፍ እንደሚወጣ አስጠነቀቁ፤ ሆቴሎቹም ተስማሙ። መሪዎች የተሰበሰቡት በሙላን ሩዥ ስለነበር ስምምነቱ በቤቱ ስም ተጠራ፣ በታሪክም ድርድሩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንዳለቀ ሆኖ ተጻፈ። ማክሚላን ግን በ1997 በታተመው የቃል ታሪካቸው ጉዳዩ ከስብሰባው በፊት ከካዚኖ ባለቤቶች ጋር በመልእክት አልቆ እንደነበር፣ ስብሰባው ያለቀውን ለማብሰር እንደተጠራ ይተርካሉ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በመጀመሪያው ትረካ ለውጡን ያመጣው የሹማምንትና የጋዜጣ ባለቤቶች ሽምግልና ነው፤ በሁለተኛው ደግሞ ገበያው እንዳይበላሽ የፈሩ ነጋዴዎች ስሌትና ያንን ፍርሃት የፈጠረው የዌስትሳይድ ሕዝብ ነው። ሕንፃው በ2003 በእሳት ተጎድቶ በኋላም ስለፈረሰ፣ ዛሬ ሁለቱን ትረካዎች ማመዛዘን የምንችለው በተቀረጸው ድምፅና በዘመኑ ጋዜጣ ብቻ ነው።

ማክሚላንስ በስተርጅና የራሳቸውን ድርሻ አግዝፈው ቢሆን? ጥያቄው ተገቢ ነው። ትውስታ ይሳሳታል፤ ሰውም ራሱን ያቆነጃል። የቃል ታሪክ አጥኚው አሌሳንድሮ ፖርቴሊ በጣሊያኗ ተርኒ ያጠናው ጉዳይ ለዚህ የታወቀ ማስረጃ ነው፦ ሉዊጂ ትራስቱሊ የተባለው ሠራተኛ በ1949 የጣሊያንን የኔቶ አባልነት በመቃወም በተደረገ ሰልፍ ተገድሎ ሳለ፣ ብዙ ባልደረቦቹ ሞቱን በ1953ቱ የጅምላ ቅነሳ ትግል ውስጥ አድርገው ይተርኩ ነበር። ፖርቴሊ ስህተቱን የያዘው ከጽሑፍ ሰነድ ጋር አስተያይቶ ነው፤ ካስተያየ በኋላ ግን አልጣለውም፤ ሠራተኞቹ የትኛው ሽንፈት የበለጠ እንደቆጠቆጣቸው አነበበበት። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የማክሚላን ቃል ብቻውን ፍርድ አይሆንም፣ ጋዜጣውም እንዲሁ። ከዚህ የሚከብደኝ ሌላ ተቃውሞ ነው፦ ለቃለ መጠይቅ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ የተሳካለት፣ የማኅበር መሪ የሆነ፣ ከተማዋን ያልለቀቀ ሰው ነው። ቁማር ያከሰረውና ተስፋ ቆርጦ ወደ አገሩ የተመለሰው በቴፑ ላይ የሉም። የድምፅ ቤተ መዛግብትም በረኛ አለው፤ ስለዚህ ማን እንደተጠየቀ ብቻ ሳይሆን ማን እንደቀረና ማን እንቢ እንዳለ መመዝገብ አለበት።

ወረቀቱ በሕግ የተቆለፈበት ሁኔታም አለ። ከላስ ቬጋስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከ1951 ጀምሮ የኑክሌር ቦምብ የተሞከረበት የኔቫዳ የሙከራ ጣቢያ ሰነዶች ለረጅም ዘመን ምስጢር ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው ከ2003 እስከ 2008 ከ150 በላይ ሰዎችን፣ ሠራተኛውንም፣ ተቃዋሚውንም፣ የምድሩን ነባር ሕዝቦችም ሲያነጋግር፣ በምስጢር ጠባቂነት ቃል የታሰሩት አንዳንዶቹ መናገር የማይችሉት ነገር ነበር። ያም ዝምታ በግልባጩ ላይ ምልክት ተደርጎበት ሲቀመጥ የምስጢሩን ስፋት የሚያሳይ ማስረጃ ይሆናል።

ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በላስ ቬጋስ ታክሲ ከሚያሽከረክሩትና በሆቴሎቹ ከሚሠሩት መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ የክላርክ ካውንቲ አስተዳደርም በ2023 አንዱን የንግድ አካባቢ ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ ሰይሟል። ስያሜው በካውንቲው መዝገብ ገብቷል፤ ስያሜውን ያስገኘው የዓመታት ኑሮ ግን በአብዛኛው በሰዎች አእምሮ ውስጥ ነው። ቃለ መጠይቁ ለአጥኚው እንዲቀለው በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ሰው አይጠፋም፤ በተውሶ ቋንቋ የተጠየቀ አዛውንት ግን የሚመልሰው በቋንቋው አቅም ልክ ነው፣ ስለ ስደት መንገዱ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ያበቃል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ተጠይቆ፣ በዚያው ቋንቋ ተገልብጦ፣ ትርጉሙ ከጎኑ ይቀመጥ። የእድር ቃለ ጉባኤ፣ የአጥቢያ በራሪ ጽሑፍ፣ የምግብ ቤት የመጀመሪያ ፈቃድ ከድምፁ ጋር አብረው ይሰብሰቡ። ተናጋሪው ቃሉን ለተወሰነ ዓመት ዘግቶ የማቆየት መብቱ በስምምነት ወረቀቱ ላይ ይጻፍለት፤ አንድ ቅጂም በማኅበረሰቡ እጅ ይቅር። መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው ቀድመው የመጡት ናቸው፤ ከእነርሱም ውስጥ ቅድሚያ የሚሰጣቸው በማኅበር መሪነት ስማቸው ያልተጠራው፣ የሌሊት ፈረቃ ሲሠሩ ያረጁት ናቸው።