የረጃጅም ተከላካዮች ስምና ቦታ በቅርጫት ኳስ ታሪክ

ነገርን በየወገኑ መመደብ የብዙ ሙያዎች መነሻ ነው። ሐኪሙ በሽታን፣ ዕፅዋት አጥኚው ቅጠልን፣ መሐንዲሱ ሸክም ተሸካሚውን አካል ምሰሶ ወይም አግዳሚ እያለ በየስሙ ይጠራል። ምድቡ የሚጠቅመው ግን ስሙ ከሥራው ጋር አብሮ እስከሄደ ድረስ ነው፤ ሥራው ተለውጦ ስሙ ባለበት ሲቀር ክርክር ይነሣል። በቅርጫት ኳስ ታሪክ ይህ ክርክር ጎልቶ የታየው በአንድ ዓይነት ተጫዋች ላይ ነው፤ ይኸውም ቁመቱ ረጅም፣ ዋነኛ ተግባሩ መከላከል፣ ሆኖም ከቀለበቱ ሥር ብቻ ተተክሎ የማይውለው ተጫዋች ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካናዳዊው ጄምስ ኔይስሚዝ ጨዋታውን በታኅሣሥ 1891 በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በአገራችን ወወክማ እየተባለ በሚታወቀው ማኅበር ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሲጀምር ተማሪዎቹ 18 ስለነበሩ በየወገኑ 9 ሆነው ተሰለፉ። ኔይስሚዝ ለዘጠኙ የሰጣቸው ስም ከራሳቸው ቅርጫት ተነሥቶ ወደ ተቃራኒው የሚሄድ ነበር፦ አንድ ግብ ጠባቂ፣ ሁለት ተከላካዮች፣ ሦስት የመሐል ሰዎች፣ ሁለት የክንፍ ሰዎች፣ በመጨረሻም ከተቃራኒው ቅርጫት አጠገብ የሚቆም አንድ ሰው። ስሞቹ የሜዳ ቦታ ስሞች እንጂ የሰው ጠባይ ስሞች አልነበሩም። የተጫዋቾቹ ቁጥር ወደ 5 ሲወርድ ሁለት ተከላካይ፣ አንድ መሐል፣ ሁለት አጥቂ ተብሎ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ የተዘነጋ ነገር አለ። «መሐል» የተባለው ተጫዋች ስሙን ያገኘው ከቅርጫቱ ሥር ስለሚቆም አይደለም። በዚያ ዘመን ግብ በተቆጠረ ቁጥር ኳሷ ወደ ሜዳው መካከል ተመልሳ በሁለት ሰዎች መካከል ወደ ላይ ትወረወር ስለነበር ለዚህ ዝላይ ከሁሉ የረዘመው ሰው ይመረጥ ነበር። በ1937 ይህ ሥርዓት ሲሻር ረጅሙ ሰው ከሜዳው መካከል ሥራ አጣ፤ ወደ ቀለበቱ ሥር ሄደ፤ ስሙን ግን ይዞ ሄደ። በአንጻሩ «ተከላካይ» ተብሎ የራሱን ቅርጫት ይጠብቅ የነበረው አጭሩ ሰው ኳስ አመላላሽ ሆነ። ስለዚህም ዛሬ ተከላካይ የሚባለው ሰው ዋናው ተከላካይ አይደለም፤ ዋናው ተከላካይ ደግሞ መሐል ይባላል፤ መሐል ላይ ግን አይቆምም። ስያሜው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ጠማማ መሆኑን ያላስተዋለ ሰው የኋለኛውን ጭቅጭቅ ሁሉ የአዲስ ዘመን ፈሊጥ አድርጎ ያየዋል።

ሕግ አውጪዎች ለረጅሙ ሰው መፍትሔ ያደረጉት ቦታውን ማጥበብ ነበር። ከቀለበቱ በላይ እየወረደች ያለችን ኳስ መንካት በአሜሪካ ኮሌጆች በ1944 ተከለከለ፤ ምክንያት የሆኑት ጆርጅ ማይከንና ቦብ ከርላንድ ነበሩ። ማይከን ወደ ባለሙያዎቹ ማኅበር፣ ማለትም ወደ ኤን.ቢ.ኤ.፣ ከገባ በኋላ ከቅርጫቱ ሥር ያለው የተቀባው መንገድ በ1951 ከ1.8 ወደ 3.7 ሜትር ሰፋ። በ1964 ደግሞ፣ ይህን ጊዜ ስለ ዊልት ቻምበርሌን ሲባል፣ ወደ 4.9 ሜትር ደረሰ። እነዚህ ሕጎች በአብዛኛው የታሰቡት ለአጥቂው ረጅም ሰው ነው። ተከላካዩ ረጅም ሰው ሕግም መለኪያም አልነበረውም፤ የታገዱ ኳሶች በኤን.ቢ.ኤ. መቆጠር የጀመሩት በ1973–74 ነውና።

በዚህም የተነሣ የቢል ራስል ሥራ አኃዝ የለውም። ራስል ከ1957 እስከ 1969 ባሉት 13 የውድድር ዘመናት ከቦስተን ጋር 11 ጊዜ ዋንጫ አግኝቷል፤ ስንት ኳስ እንዳገደ ግን የማኅበሩ መዝገብ አይናገርም። የሚታወቀው አኳኋኑ ነው፤ የታገደችውን ኳስ ከሜዳ ውጭ አሽቀንጥሮ ከመጣል ይልቅ ባልደረቦቹ እጅ እንድትገባ መታ ያደርጋት ነበር። ከቀለበቱ ርቆ ወጥቶ ፈጣኑን ሰው ያባርራል፤ ተመልሶም ቅርጫቱን ይሸፍናል። የራስል ቁመት 2.08 ሜትር፣ መጠሪያውም «መሐል» ነበር፤ ከዚህ በላይ ስለ ሥራው የሚገልጽ ቃል አልነበረም።

ማኅበሩ የመከላከል ምርጥ ቡድን መሰየም የጀመረው በ1968–69፣ በራስል የመጨረሻ ዘመን ነው። ወረቀቱ ሁለት አጥቂ፣ አንድ መሐል፣ ሁለት ተከላካይ ይጠይቅ ነበር። በዚያ ዓመት ከተመረጡት አምስቱ መካከል ግን ሁለቱ፣ ራስልና የሳን ፍራንሲስኮው ኔት ተርመንድ፣ በየቡድናቸው መሐል የሚጫወቱ ነበሩ። ተርመንድ 2.11 ሜትር ነው። ቻምበርሌን በጥር 1965 ወደ ፊላደልፊያ እስኪዛወር ድረስ ከእርሱ ጎን በአጥቂነት ተሰልፏል፤ ጎረቤቱ ሲሄድ ሰውዬው ሳይለወጥ ስሙ ተለወጠ። ምድቡ ገና በመጀመሪያው ዓመት ከሰዎቹ ጠቦ ተገኘ።

ቆይቶ አሠልጣኞች ከ1 እስከ 5 ያሉትን ቁጥሮች መጠቀም ጀመሩ፤ 4 ጠንካራው አጥቂ፣ 5 መሐሉ። ቁጥር ከስም ይልቅ ትክክለኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ያው የቁመት ቅደም ተከተል ነው። ቁመትም ቢሆን የታመነ ልኬት አልነበረም። ኬቨን ጋርኔት መሐል እንዳያደርጉት በመስጋት ከትክክለኛ ቁመቱ ባነሰ፣ በ2.11 ሜትር፣ መመዝገቡ ሲነገር ኖሯል። ማኅበሩ ክለቦች የተጫዋቾችን ቁመት ያለ ጫማ ለክተው እንዲያሳውቁ ያዘዘው በ2019 ነው። ለመለኪያ ክብር ያለው ባለሙያ ይህን ሲሰማ ሳይስቅ አይቀርም፤ ሰው ከምድብ ለማምለጥ ልኬቱን ሲያሳንስ መገኘቱ ግን የምድቡን ጉልበት ያሳያል።

ከአህጉራችን የሄዱት ሁለት ሰዎች የዚህን ምድብ ሁለት ጫፎች ያሳያሉ። ከዛሬዋ ደቡብ ሱዳን የሄደው ማኑት ቦል፣ 2.31 ሜትር የሆነው፣ በ1985–86 የመጀመሪያ ዓመቱ 397 ኳሶች አግዷል። እርሱ ከቀለበቱ ሥር የሚተከል ምሰሶ ነው፤ ቦታውን መሰየም ማንንም አያስቸግርም። ናይጄሪያዊው ሐኪም ኦላጁዋን ግን በሌጎስ የእጅ ኳስና የእግር ኳስ ግብ ጠባቂ ሆኖ ካደገ በኋላ ዘግይቶ ወደዚህ ጨዋታ የገባ ነው። በ1988–89 ዘመን 282 ኳሶችን አግዶ 213 ኳሶችን ከተቃራኒ እጅ ነጥቋል፤ በአንድ ዘመን በሁለቱም ከ200 ያለፈ ሌላ ሰው የለም። መንጠቅ የአጭሩ፣ ማገድ የረጅሙ ሥራ ነው ተብሎ በታመነበት ጨዋታ እንዲህ ያለውን ሰው በአንድ ቁጥር መጥራት ምሰሶና አግዳሚውን በአንድ ስም እንደ መጥራት ነው።

በአገራችንም ስያሜው የራሱ ጣጣ አለው። በአማርኛ ስለ ቅርጫት ኳስ ሲነገር ከእግር ኳስ የተወረሱት ተከላካይና አጥቂ የሚሉት ቃላት ይቀድማሉ፤ በእግር ኳስ ደግሞ ተከላካይ በእርግጥ የሚከላከል ነው። ከአየር ጤና እስከ ቤቴል ባለው በኮልፌ ቀራንዮ በሲሚንቶ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ልጆች ቡድን ሲከፋፈሉ ረጅሙን ልጅ ወደ ቀለበቱ ሥር መስደድ ክርክር የማይነሣበት ጉዳይ ነው። ያ ልጅ እግሩ ፈጣን ቢሆን እንኳ ኳስ መንዳት ሳይማር ሊያድግ ይችላል። የምድብ ጥያቄ የስም ጨዋታ ብቻ አለመሆኑ እዚህ ላይ ይታያል፤ ልጁ የሚማረውን የሚወስነው የተሰጠው ስም ነውና።

ነገሩን ለማስተካከል የረዳው ከስም ይልቅ ሕግ ሆነ። በኤን.ቢ.ኤ. ቦታን ከፋፍሎ መከላከል ከ1947 ጀምሮ የተከለከለ ስለነበር ረጅሙ ተከላካይ የእርሱ ድርሻ የሆነውን ሰው ተከትሎ መሄድ ነበረበት፤ ቦታውን የሚወስንለት ተቃራኒው ነበር። በ2001–02 ክልከላው ተነሣ፤ ማንንም በቅርብ ሳይጠብቅ በተቀባው መንገድ ውስጥ ከ3 ሴኮንድ በላይ መቆም ብቻ ተከለከለ። በዚያው ዘመን ቤን ዋላስ፣ 2.06 ሜትር ብቻ ሆኖ፣ በ2002፣ 2003፣ 2005 እና 2006 የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። በ2004 ዲትሮይት ዋንጫውን ሲወስድ ፊት ለፊቱ የቆመው 2.16 ሜትሩ ሻኪል ኦኒል ነበር። በ2015 የፍጻሜ ውድድር አራተኛ ጨዋታ ደግሞ ጎልደን ስቴት ረጅሙን አንድሩ ቦገትን አስቀምጦ አንድሬ ኢጉዳላን አሰለፈ፤ 2 ሜትር የማይሞላው ድሬመንድ ግሪን መሐል ሆነ፤ ቡድኑም ዋንጫውን ወሰደ።

ከዚህ በኋላ ሚዛኑ የቁመት መሆኑ ቀርቶ የሥራ ሆነ። አንድን ረጅም ተከላካይ ለመመደብ ሦስት ነገር መጠየቅ በቂ ነው። ተቃራኒው በአካሉ መንገድ ዘግቶ ኳስ ያዡን ሲያሳልፍ ወደ ቅርጫቱ ያፈገፍጋል ወይስ ኳስ ያዡን ራሱ ይረከባል? ኳሷ በሌላው ወገን ስትሆን ከማን ተነሥቶ ማንን ይረዳል? የተመለሰችውን ኳስ ማን ያነሣል? የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ኢቫን ሞብሊ በክሊቭላንድ ከሌላ ረጅም ሰው ጎን በአጥቂነት እየተሰለፈ የ2025 ምርጥ ተከላካይ የሆነው ለሁለተኛው ጥያቄ ባለው መልስ ነው ማለት ይቻላል።

የክብርና የገንዘብ ጉዳይ ሲገባበት ግን መዝገብ ሹሞቹ እስከ 2023 ድረስ ዘገዩ። በዓመቱ ሦስት ምርጥ ቡድኖች ውስጥ ለመሐል የተመደበው 3 ወንበር ብቻ ነበር። በ2017ቱ ስምምነት መሠረት ከእነዚህ ቡድኖች መግባት አንድን ተጫዋች ከደመወዝ ጣሪያው 30 በመቶ ወደ 35 በመቶ ሊያደርስ የሚችል ነበር። ካሜሩናዊው ጆኤል ኤምቢድ በ2021 እና በ2022 ለዓመቱ ኮከብ በተሰጠ ድምፅ ሁለተኛ ወጥቶ ሳለ፣ አንደኛ የወጣው ኒኮላ ዮኪችም መሐል በመሆኑ፣ ሁለቱንም ጊዜ በሁለተኛው ቡድን ተቀመጠ። ከአገሩ ሁለተኛ የሆነ ሰው ከመጀመሪያዎቹ አምስት ሳይቆጠር መቅረቱ ስሌቱን ለማንም አጠያያቂ ያደርገዋል።

ከ2023–24 ጀምሮ ወረቀቱ ቦታ መጠየቁን አቆመ። በዚያው የመጀመሪያ ዓመት በመከላከል አንደኛ ቡድን የተመረጡት ሩዲ ጎቤር፣ ቪክተር ዌምባንያማ፣ ባም አዴባዮ፣ አንቶኒ ዴቪስና ኸርበርት ጆንስ ነበሩ። አራቱ በቀለበቱ ሥርም ከእርሱ ርቀውም የሚከላከሉ ረጃጅሞች ናቸው፤ ከአምስቱ የክንፍ ተጫዋች ጆንስ ብቻ ነው። ከ1891 ጀምሮ ተከላካይ የሚለውን ስም ይዘው ከቆዩት ኳስ አመላላሾች አንድም ሰው ከዚያ ቡድን አልገባም።