በሩ ሲዘጋበት ባሕር የተሻገረው የፅንስ ተመራማሪ

አርብ አርብ ሙዓይዘር ስንገናኝ «ሰው አገር ለፍተን ምን ይተርፈናል?» የሚል ሳይጠፋ አይቀርም። እስቲ ዛሬ የኧርነስት ኤቨረት ጀስትን ታሪክ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጀስት በ1883 በአሜሪካ ቻርልስተን ተወለደ። አባቱ ሲሞት ገና የአራት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ ሜሪ እያስተማረች፣ በዚያ ላይ በፎስፌት ማዕድን ቦታ የጉልበት ሥራ እየሠራች አሳደገችው። የተሻለ ትምህርት እንዲያገኝ ብላም ሩቅ ሰሜን ላከችው። እዚያ ሲማር ቆይቶ ሊጠይቃት ቢመጣ ተቀብራ ደረሰ። ከመካከላችን መርዶ በስልክ የሰማ ይህን ያውቀዋል። እሱ ግን ትምህርቱን አልተወም፤ በ1907 ከዳርትማዝ ኮሌጅ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ።

ጥቁር ስለነበረ የነጮቹ ዩኒቨርሲቲዎች አልቀጠሩትም። ዋሽንግተን ባለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ። የእኛው ዶክተር መላኩ በያንም ሕክምና የተማረው እዚያው ነው። በ1911 ሦስት ተማሪዎች ኦሜጋ ፕሳይ ፋይ የተባለ የወንድማማችነት ማኅበር ሲመሠርቱ አብሯቸው የቆመው መምህር ጀስት ነበር። ማኅበሩ ዛሬም አለ።

ከ1909 ጀምሮ በሙቀት ወራት ዉድስ ሆል ወደሚባል የባሕር ዳር ቤተ ሙከራ እየሄደ የባሕር እንስሳትን እንቁላል ያጠና ጀመር። ለምን የባሕር? እንቁላሉ ከእናቲቱ ሆድ ውጭ፣ ውሃ ውስጥ ስለሚያድግ ሁሉም ነገር በማይክሮስኮፕ ይታያላ! በ1912 የባሕር ትል እንቁላል መጀመሪያ ለሁለት የሚከፈልበት መስመር የወንዴው ዘር በገባበት ቦታ እንደሚወሰን አሳየ። ቀጥሎም አንድ ዘር ሲገባ፣ ከገባበት ነጥብ ተነስቶ በእንቁላሉ ገጽ ላይ እንደ ማዕበል የሚዛመት ለውጥ ሌላውን እንደሚያግድ አስረዳ። ከአንድ በላይ ቢገባ ፅንሱ በደንብ አያድግም። ብዙዎች የሴሉን አስኳል ብቻ ሲያዩ፣ እሱ የሴሉም ገጽ ትልቅ ሥራ እንዳለው ተከራከረ።

ሌላው ችሎታው ጥንቃቄ ነበር። ዕቃው ካልጸዳ፣ እንቁላሉም ከተጎዳ ውጤቱ ይሳሳታል ባይ ነበር። የተማሩት ነጮችም እንቁላል አያያዝን ከእሱ ይጠይቁ ነበር። የዕቃ እጥበትን ሥራ የሚንቅ ካለ ይህን ይስማ!

በ1915 የመጀመሪያውን የስፒንጋርን ሜዳሊያ፣ በ1916 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን አገኘ። በሩ ግን አሁንም አልተከፈተም። ስለዚህ በ1929 ወደ ኔፕልስ፣ በ1930 ወደ በርሊን፣ በኋላም ወደ ፈረንሳይ ሄደ። ስለ ሴል ገጽ የጻፈው ትልቁ መጽሐፉ በ1939 ወጣ። በ1940 ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲይዙ ታሰረ፤ በሚስቱ ቤተሰብ እርዳታ ተፈትቶ አሜሪካ ገባ። ጤናው ግን ተጎድቶ ነበር፤ በ1941 በ58 ዓመቱ በካንሰር ሞተ። ያቺው አሜሪካ በ1996 ምስሉን ቴምብር ላይ አተመች።

ታዲያ ምን ተረፈ? እናቱ ምርቃቱን አላየችም፤ እሱም ቴምብሩን አላየም። ያገኘው እውቀት ግን ዛሬም ይማሩበታል። በየወሩ ለልጅ፣ ለታናሽ እህት ወይም ወንድም ትምህርት የምትልኩ ሁሉ፣ የሜሪን ሥራ እየሠራችሁ ነው። ፍሬውን የምታዩበት ዕድሜ ይስጣችሁ። ደግሞ ጀስትን ከእስር ያወጣው ሊቅነቱ ሳይሆን ሰው ነው። እናንተም በዚህ አርብ፣ ከቤት ያልወጣ ወይም ስልኩ የጠፋ ጓደኛ ካላችሁ ፈልጉት።