የብሪታንያ ታሪክ ቀዳማዊ ምንጮች በኢንተርኔት

የብሪታንያ ታሪክ ቀዳማዊ ምንጮች የሚባሉት ድርጊቱ በተፈጸመበት ዘመን የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ የፍርድ ቤት መዝገቦች፣ የፓርላማ ክርክሮች፣ ጋዜጦችና የመሳሰሉት ናቸው። ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት ይገኛሉ። ይሁንና የተገኘው ነገር የሰነዱ ፎቶግራፍ፣ የታተመ ግልባጭ ወይም የካታሎግ መግለጫ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ተመራማሪው የትኛው እጁ እንደገባ መለየት አለበት። (ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋናው የመንግሥት ቤተ መዛግብት በለንደን፣ ኪው የሚገኘው ናሽናል አርካይቭስ ነው። «ዲስከቨሪ» የተባለው ካታሎጉ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መግለጫዎችን ይዟል፤ ምስላቸው የተነሣላቸው ሰነዶች ግን ጥቂቶቹ ናቸው። የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እስከ 1905 ድረስ ስለ ኢትዮጵያ የተጻጻፈው «ኤፍ ኦ 1» በሚባለው ምድብ ሥር ይገኛል። ፈላጊው እንግሊዞቹ ያኔ ይጽፉት እንደነበረው «አቢሲኒያ» ብሎ ቢፈልግ ይቀናዋል።

የታተሙ ምንጮችን ለሚሻ ከ2003 ጀምሮ የሚሠራው «ብሪቲሽ ሂስትሪ ኦንላይን» ሰፊ ስብስብ አለው። ከያዛቸው ውስጥ የመንግሥት ደብዳቤዎች ማጠቃለያ ቅጾች ይገኙበታል። ማጠቃለያው የአርታኢው ምርጫ በመሆኑ ወደ ሰነዱ መንገድ ያሳያል እንጂ ሰነዱን አይተካም።

ለተራው ሕዝብ ታሪክ ከ«ኦልድ ቤይሊ ኦንላይን» የሚስተካከል የለም ማለት ይቻላል። ከ1674 እስከ 1913 በለንደኑ ኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት የታዩ 197,745 የወንጀል ችሎቶችን በነጻ ያስነብባል። የአገልጋዮች፣ የሱቅ ጠባቂዎችና የሌቦች ቃል ሳይቀር እዚያ አለ። ሆኖም ዘገባዎቹ ለገበያ ይታተሙ ስለነበር፣ አንዱ የስርቆት ክስ በጥቂት መስመር ሲቋጭ የገበያ ወሬ የሆነው ግድያ ገጽ በገጽ ይተረካል።

የፓርላማ ክርክሮች ከ1803 ጀምሮ በ«ሃንሳርድ» ይነበባሉ። በኅዳር 1867 የገንዘብ ሚኒስትሩ ዲዝራኤሊ በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ለሚዘምተው ጦር 2 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲፈቀድ የጠየቁበት ክርክር አንዱ ነው። የዚያ ዘመን ሃንሳርድ በአብዛኛው ከጋዜጦች ይጠናቀር ነበር፤ ፓርላማው የራሱን ዘጋቢዎች የቀጠረው በ1909 ነው። ስለዚህ ንግግሩን ቃል በቃል የተቀዳ አድርጎ መጥቀስ ያሳስታል።

የሰነዶቹ ቀንና ቋንቋም ያምታታሉ። በእንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ አዲሱ ዓመት በሕግ የሚብተው መጋቢት 25 ነበር። ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ የተሰየፈው ዓመቱን ዛሬ በምንቆጥርበት መንገድ ጥር 30 ቀን 1649 ሲሆን፣ በዘመኑ ሰነዶች ግን ዓመቱ 1648 ነው። እስከ 1733 ድረስ ደግሞ የብዙ ፍርድ ቤቶች መዝገብ በላቲን ይጻፍ ነበር።

የድሮ ጋዜጦች ስብስብ የሆነው «ብሪቲሽ ኒውስፔፐር አርካይቭ» በአብዛኛው በክፍያ ነው። ምስሉ በኢንተርኔት ያልተጫነ የናሽናል አርካይቭስ ሰነድም በክፍያ ቅጂው ሊታዘዝ ይችላል፤ እዚያው ሄዶ ለማንበብ ግን የአንባቢ ካርድ ማውጣት በቂ ነው፣ ክፍያ የለውም።