የሁለተኛው ቀን ድፍረት፦ የጀግንነት ትርጉም በጥንቱ የእስልምና ትረካ

መግቢያ

በአማርኛ «ደፋር» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። አንዱ ያስመሰግናል፤ ሌላው ያስነቅፋል። በጦር ሜዳ ከሰው ቀድሞ የሚገባው ደፋር ነው፤ በሽማግሌ ፊት እንዳሻው የሚናገረውም ደፋር ነው። «ጀግና»፣ «ልበ ሙሉ»፣ «ቆራጥ» የሚሉት ቃላትም እንዲሁ በአንድ ሚዛን ላይ የሚቀመጡ አይደሉም። ይህ ሆኖ ሳለ የሥነ ቃል ትምህርት ባስተማርኩባቸው ዓመታት ፉከራንና ቀረርቶን ስንተነትን እኔም ሆንኩ ተማሪዎቼ ጀግንነትን ከገዳይነት ጋር ብቻ አስተሳስረን ማየት ለምደን ነበር። አንድ ቀን ከወሎ የመጣ ተማሪ ተነሥቶ፣ «መንዙማ ውስጥ ማንንም ሳይገድሉ የሚወደሱ ጀግኖች አሉ፤ እነሱንስ ምን እንበላቸው?» ሲል ጠየቀኝ። ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ አጥጋቢ አልነበረም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

የጽሑፉ ዓላማ የሃይማኖት ትምህርት መስጠት አይደለም። የጥንት ዐረቦች ሥነ ግጥም ያከብረው የነበረው ጀግንነት በእስልምና የመጀመሪያ ዘመን ትረካዎች ውስጥ ምን ዓይነት የትርጉም ለውጥ እንዳገኘ በጥቂት ሰዎች ታሪክ አማካይነት ማሳየት ነው። ዓመታቱ የተጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የጎሳው ጀግና

ከእስልምና በፊት የነበረው የዐረብ ባለቅኔ የጎሳው አፍ ነበር። የጎሳውን ፈረሰኞች ያወድሳል፤ የባላጋራን ጎሳ ያዋርዳል፤ የሞተ ዘመዱን ደም እንዲመለስ ያነሣሣል። ይህ የግጥም ዘርፍ «ሐማሳ» ይባላል። ቃሉ ግለትንና ወኔን ያመለክታል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን አቡ ተማም የተባለው ባለቅኔ የቀድሞዎቹን ግጥሞች ሰብስቦ በየርእሱ ሲከፋፍል ለሐማሳ የመጀመሪያውንና ረጅሙን ክፍል ሰጠው፤ መጽሐፉም በሙሉ በዚሁ ስም ተጠራ። የእኛን ፉከራ የሚያውቅ አንባቢ እነዚህን ግጥሞች ቢያነብ ባዕድነት አይሰማውም። የዘር ቆጠራው፣ የፈረሱ ስም፣ የተገዳዩ ማንነት፣ የፈሪ ነቀፋ፣ ሁሉም አለ።

ከዚህ ዘመን ጀግኖች መካከል ስሙ ገናን የሆነው በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ዐንታራ ነው። አባቱ ሸዳድ የዐብስ ጎሳ ሰው ሲሆን እናቱ ዘቢባ ሐበሻዊት ባሪያ ነበረች። በዘመኑ ልማድ ከባሪያ የተወለደ ልጅ ባሪያ ነውና አባቱ ልጄ ሳይለው ቆየ። ስለ እሱ የሚተረከው ታሪክ እንደሚለው፣ ጠላት ጎሳውን ወርሮ ከብት ሲነዳ አባቱ ወደ ጦርነቱ እንዲገባ ያዘዋል። ዐንታራም ባሪያ የሚያውቀው ግመል ማለብን እንጂ መዋጋትን አይደለም ብሎ ይመልሳል። አባቱም ተዋጋ፣ ነፃ ነህ አለው። ተዋጋ፤ ነፃም ወጣ። ከታላላቆቹ የዐረብ ቅድመ እስልምና ግጥሞች አንዱ የእሱ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የነፃነቱ ዋጋ ነው። ዐንታራ ሰው ለመባል የበቃው ጎሳው የሚፈልገውን ነገር፣ ማለትም ክንዱን በመስጠቱ ነው። ድፍረቱ የጎሳውን ሚዛን አላናጋም፤ በዚያው ሚዛን ተመዝኖ ከበደ እንጂ።

የተገረፈው ጀግና

ከዐንታራ ቀጥሎ ቢላልን ማንሣት ተገቢ ነው። የቢላል ኢብን ረባሕ እናት ሐማማም ሐበሻዊት እንደነበረች ይተረካል። እሱም መካ ውስጥ በባርነት የኖረ ጥቁር ሰው ነው። ሆኖም የሁለቱ ታሪክ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል። ቢላል የነቢዩ ሙሐመድን ጥሪ በተቀበለ ጊዜ ጌታው ኡመያ ኢብን ኸለፍ በቀትር በጋለው አሸዋ ላይ አስተኝቶ ደረቱ ላይ ከባድ ድንጋይ ያስጭንበት ነበር። ከቢላል የሚፈለገው አንዲት የክህደት ቃል ነበረች። እሱ ግን አምላክ አንድ መሆኑን የሚገልጸውን ቃል ከመደጋገም በቀር ሌላ አልመለሰም። በመጨረሻ አቡ በክር ከጌታው እጅ ወስደው ነፃ አወጡት። በኋላም የመጀመሪያው የሶላት ጥሪ አሰሚ ሆነ።

ዐንታራ የተፈለገበትን በመስጠት ነፃ ሲወጣ ቢላል የተፈለገበትን በመንፈግ ነፃ ወጣ። በሐማሳ ግጥም ውስጥ ለቢላል ቦታ የለውም። ነፃ የወጣው ሰይፍ መዝዞ ወይም ማንንም አሸንፎ አይደለም፤ የሚፎክርበት የዘር ሐረግም አልነበረውም። አዲሱ ትረካ ግን ይህን ዓይነቱን ሰው የሚጠራበት «ሰብር» የሚል ቃል ነበረው። ብዙ ጊዜ «ትዕግሥት» ብለን እንተረጉመዋለን፤ «ፅናት» ቢባል ግን ይበልጥ ይቀርባል። ትዕግሥት መጠበቅ ነው፤ ፅናት ግን ሳይለቁ መያዝ ነው።

ትረካው ግን ሁሉም ሰው ቢላል እንዲሆን አልጠየቀም። በዚያው ዘመን ሱመያ የተባለች ሴት ስለ እምነቷ ተገድላለች፤ በእስልምና ትረካ የመጀመሪያዋ ሰማዕት እሷ ናት። ልጇ ዐማር ደግሞ ሥቃዩ በጠናበት ጊዜ አሠቃዮቹ የፈለጉትን ቃል ተናገረ። እያለቀሰ ወደ ነቢዩ በሄደ ጊዜ ልቡ እንዴት እንደሆነ ጠየቁት፤ በእምነቱ የረጋ መሆኑን ሲነግራቸው አጽናኑት እንጂ አልነቀፉትም። ፉከራ ለተሸነፈ ሰው ምሕረት የለውም። እዚህ ግን የጀግናዋም፣ የተሰበረውም ሰው ታሪክ በአንድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

በንጉሡ ፊት የቆመው ጀግና

በ615 ገደማ የመካው ስደት በጠና ጊዜ የነቢዩ ተከታዮች በሁለት ዙር ወደ ሐበሻ ተሻገሩ። ቃል አቀባያቸው የነቢዩ የአጎት ልጅ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ነበር። የታሪኩ ተራኪ ከስደተኞቹ አንዷ የነበሩት ኋላም የነቢዩ ባለቤት የሆኑት ኡሙ ሰለማ ናቸው። ቃላቸውን በ8ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን ኢስሐቅ መዝግቦታል፤ የእሱ ሥራ ደግሞ በኢብን ሂሻም አማካይነት ደርሶናል። ድርጊቱና ጽሑፉ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሚራራቁ ትረካውን እንደ ችሎት መዝገብ ማንበብ አይገባም። ያ ማኅበረሰብ ጀግንነት የሚለው ምን እንደነበረ ግን በግልጽ ያሳየናል።

ቁረይሾች ዐምር ኢብን አል ዓስንና ዐብደላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ምርጥ የቆዳ ስጦታ አስይዘው ስደተኞቹን እንዲያስመልሱ ላኳቸው። መልእክተኞቹ ለመኳንንቱ እጅ መንሻ አስቀድመው አደሉ። ንጉሡ ግን ስደተኞቹን ሳይሰሙ አሳልፈው ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆኑም። ጀዕፈር ያቀረበው ንግግር በአወቃቀሩ የሚደነቅ ነው። አስቀድሞ ሕዝቡ የነበረበትን ኑሮ፣ ማለትም ጣዖት አምልኮውንና ብርቱው ደካማውን መብላቱን ይገልጻል። ቀጥሎ የነቢዩን መምጣትና ትምህርታቸውን፣ ከዚያም የደረሰባቸውን በደል ይናገራል። በመጨረሻም ከሌሎች ነገሥታት ይልቅ እኚህን ንጉሥ የመረጡት ግፍ እንደማይደርስባቸው ተስፋ አድርገው መሆኑን ያስረዳል። ከዚያም ስለ ማርያም የሚናገረውን የቁርዓን ምዕራፍ መጀመሪያ አነበበ። ንጉሡ አለቀሱ፤ ጳጳሳቱም አለቀሱ።

ብዙዎቻችን ታሪኩን እዚህ ላይ እናቆመዋለን። ይሁንና ከባዱ ፈተና የመጣው በማግሥቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጀዕፈር የተናገረው ሁሉ እውነት ቢሆንም አድማጮቹን የሚያስደስት ነበር። ዐምር ይህን አስተውሎ በሁለተኛው ቀን ንጉሡን፣ እነዚህ ሰዎች ስለ ኢየሱስ ከባድ ነገር ይናገራሉና ጠይቋቸው አላቸው። ባልደረባው እንኳ ስደተኞቹ ዘመዶቻችን ናቸውና ተው ብሎት ነበር። ኡሙ ሰለማ እንደሚሉት ስደተኞቹ ያን የመሰለ ጭንቅ ደርሶባቸው አያውቅም። ተሰብስበው ተማከሩ። ቃሉን ማለስለስ ይቻል ነበር፤ ዝም ማለትም ይቻል ነበር። የተስማሙት ግን የመጣው ይምጣ ብለው ያመኑበትን ለመናገር ነው። ጀዕፈርም ኢየሱስ የአምላክ አገልጋይ፣ መልእክተኛው፣ ወደ ድንግል ማርያም የተጣለ ቃሉና ከእርሱ የሆነ መንፈስ መሆኑን ተናገረ። «አገልጋይ» የሚለው ቃል በክርስቲያን ንጉሥ አደባባይ ምን ሊያስከትል እንደሚችል አልጠፋውም።

ንጉሡ ከመሬት እንጨት አንሥተው በዚህ ቃልና በእውነቱ መካከል የእንጨቷን ያህል ልዩነት የለም አሉ። መኳንንቱ አጉረመረሙ። ንጉሡ ግን ብታጉረመርሙም ያው ነው ብለው ስደተኞቹን በሰላም እንዲኖሩ ፈቀዱ፤ ስጦታውንም መለሱ። ትረካው እዚህ ላይ ሁለት ጀግኖች አሉት። አንዱ ከሚያስጠጋው ንጉሥ ፊት ቃሉን ያላጠፈ ስደተኛ ነው፤ ሌላው በገዛ አሽከሮቹ ፊት ፍርዱን ያላጠፈ ንጉሥ ነው። በሁለቱም እጅ ሰይፍ የለም።

ፈርቶ የገባው፣ አፈግፍጎ የዳነው

ጀዕፈር በሐበሻ ከዐሥር ዓመት በላይ ኖሮ በ628 ወደ መዲና ተመለሰ። በማግሥቱ ዓመት ዛሬ ዮርዳኖስ በምትባለው አገር ሙእታ ላይ በተደረገው ጦርነት ሰንደቁን ከተረከቡት ሦስት አዛዦች ሁለተኛው ሆነ። የመጀመሪያው ዘይድ ሲወድቅ ጀዕፈር ሰንደቁን ያዘ። ቀኝ እጁ ሲቆረጥ በግራው ያዘው፤ ግራው ሲቆረጥ በክንዶቹ አቅፎ ያዘው፤ በዚያው ሞተ። ትረካው የሚያስታውሰው ስንት ሰው እንደ ገደለ ሳይሆን ሰንደቁን አለመጣሉን ነው።

ሦስተኛው አዛዥ ዐብደላህ ኢብን ረዋሓ ባለቅኔ ነበር። ተራው ሲደርስ ጥቂት እንዳመነታና የገዛ ነፍሱን በግጥም እየወቀሰ እንደ ገባ ይተረካል። የሐማሳ ገጣሚ ጠላቱን ያስፈራራል፤ ይህ ባለቅኔ ግን ራሱን ይገሥጻል። ፍርሃት ከጀግናው ልብ ውስጥ ተገኘ፤ አልተደበቀምም።

ሦስቱም ከወደቁ በኋላ ኻሊድ ኢብን አል ወሊድ የተረፈውን ጦር አፈግፍጎ አወጣው። መዲና ሲደርሱ ሕዝቡ አፈር እየበተነባቸው ሸሽታችሁ መጣችሁ እያለ ሰደባቸው። ነቢዩ ግን እነዚህ ተመልሰው የሚዋጉ እንጂ ሸሺዎች አይደሉም ብለው ተከላከሉላቸው። አፈር የበተነው ሕዝብ ገና በፉከራው ሚዛን ይመዝን ነበር ማለት ነው።

ማጠቃለያ

በኋላ ዘመን እነ ሚስከዋይህ (በ1030 ያረፈ) ይህን ሁሉ በግሪክ ፍልስፍና ቋንቋ አብራርተውታል። በእነሱ አገላለጽ ጀግንነት ከዋና ዋናዎቹ አራት ምግባሮች አንዱ ሲሆን ቦታው በፍርሃትና በጭፍን ድፍረት መካከል ነው፤ ቁጣ ለአእምሮ ሲታዘዝ ይገኛል። ሐሳቡ ግን ከፍልስፍናው አስቀድሞ በትረካው ውስጥ ነበር። ብርቱ ማለት በትግል የሚጥል ሳይሆን ሲቈጣ ራሱን የሚገዛ ነው የሚለው የነቢዩ ትምህርት የታወቀ ነው።

እንግዲህ የተማሪዬን ጥያቄ ስመልሰው፣ በመንዙማ የሚወደሱት እነዚያ ሰዎች ጀግኖች ናቸው፤ ጀግንነታቸውም ከፉከራው ጀግንነት የሚያንስ ሳይሆን በሌላ ሚዛን የሚመዘን ነው። ይህ ደግሞ ሥነ ጽሑፋችንን ይመለከታል። በዐረብ ፊደል የተጻፈው የአማርኛ መንዙማ የዚህ አገር ሥነ ግጥም ሆኖ ሳለ ጀግንነትን በምናስተምርበት ክፍል ውስጥ አናስገባውም። ፉከራውን ከመንዙማው ጎን አስቀምጠን ብናነበው ሁለቱም ይበልጥ ይገለጡልናል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በዚያ ዓመት ባወጣሁት ፈተና ላይ የጀግና መለያ ምን እንደሆነ ጠይቄ ነበር። ያ ተማሪ «በሁለተኛው ቀንም ቃሉን አለመለወጥ» ብሎ ጻፈ። እኔ የጠበቅሁት መልስ ስላልነበረ ነጥብ አልሰጠሁትም።